የቶካማክ ውስጠኛ ግድግዳ፦ ቦሮን ወይስ ሊቲየም?

ቶካማክ በጣም የጋለ የሃይድሮጅን ጋዝን (ፕላዝማን) በመግነጢስ አፍኖ የኑክሌር ውህደት የሚሞከርበት ማሽን ነው፤ ውስጠኛ ግድግዳው በቦሮን ወይም በሊቲየም ሊቀባ ይችላል። ሁለቱም ቅቦች ፕላዝማውን የሚያበላሸውን ኦክስጅን ይይዛሉ። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው።

ቦሮን፦ በሂሊየም የተበረዘ ዳይቦሬን (የቦሮንና የሃይድሮጅን ውህድ ጋዝ) ወደ ማሽኑ ይገባል፤ የኤሌክትሪክ ፍካት ጋዙን ሰባብሮ ግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን ያነጥፋል፤ ውፍረቱ በ100 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ጣጣው ጋዙ ነው፤ መርዛማና ተቀጣጣይ በመሆኑ ያለ ጋዝ ጠቋሚ አይነካም። ሽፋኑ ግን ለብዙ ሙከራዎች ያገለግላል።

ሊቲየም፦ በምድጃ ግሎ ይተንና ግድግዳው ላይ ያርፋል። ሃይድሮጅንን ስለሚውጥ ወደ ፕላዝማው የሚመለሰው ቀዝቃዛ ጋዝ ይቀንሳል፤ የፕላዝማው ጠርዝም ይሞቃል። ቶሎ ስለሚጠግብ ግን መታደስ አለበት። በ181 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ግድግዳው በውሃ ለሚቀዘቅዝ ማሽን ይህ ቀልድ አይደለም።

ለተንግስተን ግድግዳና ለረጅም የሥራ ወቅት ቦሮን ይሻላል፤ በፈረንሳይ የሚገነባው ዓለም አቀፍ ቶካማክ ኢተርም የግድግዳውን ቤሪሊየም በተንግስተን ለመተካት ሲወስን ቦሮንን በዕቅዱ አስገብቷል። የጠርዝ ፊዚክስ ለሚያጠና የምርምር ማሽን ሊቲየም ይመረጣል፤ ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ የሃይድሮጅን ዓይነት) ካለ ግን ሊቲየሙ አምቆ ስለሚያስቀረው መጠኑን የመቆጣጠሩ ሒሳብ ይከብዳል።