ትልቁን የዓሣ ገንዳ ማዛወር ወይስ አዲስ ቤት ላይ ማሠራት?

400 ሊትር ውኃ 400 ኪሎ ስለሆነ ገንዳ ባዶውን ነው የሚነሳው። ሜትር ተኩል የሚረዝመው፣ ባለ 12 ሚሊ መስታወቱ፣ ባዶውንም 90 ኪሎ ገደማ ነው።

ማዛወር፦ ወጪው የአራት ወዛደርና የመኪና ኪራይ ነው። አደጋው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ ላይ ነው፤ አንድ ጥግ ቀድሞ ከተነሳ መስታወቶቹን የሚያያይዘው ማጣበቂያ፣ ሲሊኮኑ፣ ሊላቀቅ ይችላል። እኔ ጠጠሩን ሳላወጣ አስነስቼው፣ ማታ ውኃ ስሞላው ምንጣፌ ራሰ።

ማሠራት፦ መስታወቱ ተቆርጦ ይወጣና ሳሎን ውስጥ ይገጣጠማል። ዋጋው ይከብዳል፤ ሲሊኮኑም እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ዓሣዎቹ በርሜል ውስጥ ከነአየር መንፊያቸው ይቆያሉ።

በሁለቱም የማጣሪያው ስፖንጅ በገንዳው ውኃ እንደራሰ ይያዝ። ከደረቀ ከዓሣዎቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ የሚያጠፋው ባክቴሪያ ይሞትና አሞኒያው ዓሣዎቹን ይፈጃል።

ምድር ቤት ለሚገባ ማዛወሩ ያዋጣል፤ አራተኛ ፎቅ ለሚወጣ ወይም ሲሊኮኑ ላረጀበት ማሠራቱ።