ማርቲኔሊ ወይስ ትሮሳርድ?

በአርሰናል ግራ ክንፍ ማን ይሰለፍ ሲባል እኔ ተጋጣሚውን አይቼ ነው የምፈርደው። ተከላካዮቹ ወደ ፊት ወጥተው የሚጫወቱ ከሆነ ማርቲኔሊ ይግባ፤ ከጀርባቸው ያለውን ክፍት ሜዳ የሚጠቀምበት እሱ ነው። በ2025 ሪያል ማድሪድን በገዛ ሜዳው በርናባው ላይ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው እንዲሁ ሮጦ ነው። በ2022/23 በሊጉ 15 ጎል ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ብቃቱ መቆራረጡ ያሳዝነኛል።

ትሮሳርድ ያን ያህል ፍጥነት የለውም። ግን በሩን ዘግቶ የሚከላከል ቡድን ሲመጣ በሁለቱም እግሩ መምታቱ፣ በጠባብ ቦታ መዞሩ ዋጋ አለው። በ2023 ፉልሃም ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ጎል አመቻችቷል፤ አንዷን ለዚሁ ለማርቲኔሊ! “ተቀይሮ ሲገባ ነው የሚያምርበት” የሚሉትን አልቀበልም። ወደ ሜዳችን ኤምሬትስ ለመከላከል ብቻ በሚመጣ ቡድን ላይ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይሰለፍ።