ስማርት ቲቪ በቤተሰብ ቤት፦ ከተላመድነው በኋላ

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ 43 ኢንች አንድሮይድ ስማርት ቲቪ በጋውንም ክረምቱንም አይቷል። አዲስ ዕቃ በገባ ሰሞን ሁሉም ነገር ያምራል፤ ስለዚህ ልናገር የምፈልገው ከተላመድነው በኋላ ስላለው ነው። ተጠቃሚዎቹ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እኔ ነን። ዋይፋይ አለን፤ ዲሹም ከነሪሲቨሩ እንዳለ ነው።

ምስሉ ጥሩ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። ሻጮች «ፎር ኬ ነው»፣ ማለትም የምስሉ ጥራት ከፉል ኤችዲ ይበልጣል፣ እያሉ ዋጋ ያስወድዳሉ። እኛ ቤት የሚታየው የአማርኛ ድራማና ቃለ መጠይቅ ግን አብዛኛው በፉል ኤችዲ ወይም ከዚያ በታች የተጫነ ነው። ዩቲዩብ ለፎር ኬ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ያህል ፍጥነት ይፈልጋል፤ ለፉል ኤችዲ 5 ይበቃዋል። ይኸው 5 ሜጋቢት እንኳ በሰዓት ከ2 ጊጋባይት በላይ ይበላል። ከስልክ ሆትስፖት እየከፈተ የሚያይ ሰው ጥራቱን ወደ 480 ቢያወርደው ፓኬጁ ይበረክትለታል።

ፍጥነቱ እንደ መጀመሪያው አይደለም። አሁን ዩቲዩብ እስኪከፈት ያስጠብቃል። የማንጠቀምባቸውን አፖች ሳጠፋና ካሹን፣ ማለትም አፖቹ ያጠራቀሙትን ጊዜያዊ ፋይል፣ ሳጸዳ ይሻለዋል፤ ዋናው ችግር ግን የራሙ፣ ማለትም አፖች ሲከፈቱ የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ማነስ ነው። ከኢንቹ በፊት ራሙን ጠይቁ፤ 1 ጊጋባይት ብቻ ያለውን ተዉት፣ ቢያንስ 2 ይሁን።

በጣም የማስብበት ሌላ ነገር ነው። ይህ ቲቪ አምስት ሰዎች መሆናችንን አያውቅም። ለእሱ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው፦ ጠዋት መዝሙር የሚሰማ፣ ከሰዓት ካርቱን የሚያይ፣ ማታ የኳስ ትንተና የሚከታተል። የሁላችንንም ምርጫ ቀላቅሎ ለሁላችንም መልሶ ያቀርበዋል።

አንድ እሁድ እናቴ ከቅዳሴ መልስ መዝሙር ከፍታ ቡና ታፈላለች። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲጣድ መዝሙሩ አለቀና ቲቪው በራሱ የታዋቂ ሰዎችን የፍቺ ወሬ ቀጠለ። «ማነው ይሄን የከፈተው?» አለች ጀበናውን እንደያዘች። ማንም አልከፈተውም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስካሁን የሚከነክነኝ፦ ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሁላችንም ዝም ብለን ማየት ጀመርን። እናቴም ጭምር። በረካው እስኪደርስ ማንም አልቀየረውም። ሰው ወዶ ከመረጠው ይልቅ የቀረበለትን ነው የሚያየው።

እርግጥ ድሮም የምናየው የቀረበልንን ነበር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ከገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ስርጭቱ ይዘጋ ነበር፤ ሲዘጋ ሰዉም ተነስቶ ይተኛል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ደግሞ ወደ አማርኛ የተመለሱት ድራማዎች ባህል ያጠፋሉ ተብሎ ስንት ተከራከርን። አሁን የሚናፍቀኝ ያ ጊዜ ነው፤ ሁላችንም በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል አይተን በማግስቱ ታክሲ ውስጥም መሥሪያ ቤትም እናወራበት ነበር። ዛሬ አንድ ቤት የምንኖረው እንኳ ከአንዱ ድራማ የየራሳችን ክፍል ላይ ነን። ስለ ድራማው አፌን ስከፍት ባለቤቴ «እንዳትነግረኝ፣ ገና አላየሁትም» ትለኛለች።

ከዚያ እሁድ በኋላ ዩቲዩቡ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ተከታዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረውን አውቶፕሌይ አጠፋሁት። ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። አንዱ ሲያልቅ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያች መሃል ሰው ያወራል፣ አንዱ ልጅ የቤት ሥራው ትዝ ይለዋል፣ «ይበቃል፣ እንተኛ» የሚልም ይገኛል። ለእናቴ የራሷን አካውንት ከፈትንላት፤ መዝሙሯና ስብከቷ አሁን ከወሬ ጋር አይቀላቀሉባትም። ልጆቹን ወደ ዩቲዩብ ኪድስ አዛወርናቸው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በእንግዳ ሁነታ እንከፍታለን፤ እሱ ያየው ነገር በማግስቱ እኛን እየተከተለ አይመጣም።

በእኛ ቲቪ ላይ ያለው ኪቦርድ የአማርኛ ፊደል የለውም። እናቴ የሰባኪውን ስም በላቲን ፊደል እንድትጽፍ መጠበቅ ደግሞ ግፍ ነው። አሁን ስልኳ ላይ በአማርኛ ፈልጋ ወደ ቲቪው ትልከዋለች፤ ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸው ብቻ ይበቃል። ይህን ያስተማራት ትልቁ የልጅ ልጇ ነው፤ ዛሬ ለጎረቤቶቿ የምታሳየው እሷ ናት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር ሳይኖር አትሰኩት። ዲሹንም አላወረድኩትም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዜናም የበዓል ፕሮግራምም በእሱ እናያለን፣ በዚያ ላይ የወር ክፍያ የለውም። ዋይፋይ የሌለው ቤት ለስማርት ቲቪ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም፤ ተራ ቲቪና ሪሲቨር ይበቃዋል።

ድጋሚ ብገዛ መጠኑን አልቀይርም፤ ራሙ ከፍ ያለውን እመርጣለሁ። የቀረኝ ቅሬታ ድምፁ ነው። የቲቪው ስፒከር ትንሽና ወደ ግድግዳው የዞረ ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተነውም የተዋናዩ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የምናየው። ስለዚህ ቀጣዩ ግዢዬ ሳውንድባር፣ ማለትም ከቲቪው ጋር የሚገናኝ ረዘም ያለ ስፒከር፣ ነው። ቲቪ ልትገዙ የምትሄዱ ከኋላው ኤችዲኤምአይ አርክ የሚል ወደብ መኖሩን አረጋግጡ፤ ሳውንድባሩን በእሱ ካገናኛችሁት ድምፁን በዚያው በቲቪው ሪሞት መጨመርና መቀነስ ትችላላችሁ።