ከአቦል እስከ በረካ፦ አንድ የግጥም ምሽት በደሴ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ሰውን ወይ ወደ ቤቱ ወይ ወደ ጀበና አጠገብ ይሰበስባል። ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የጀበና ቡና መጠጫ ይህንን ሰዓት በየ2 ሳምንቱ ቅዳሜ ለግጥም ሰጥቶታል። እስካሁን 5 ጊዜ ታድሜያለሁ፤ አንድ ጊዜም ራሴ አንብቤያለሁ። መግቢያ አይጠየቅም፤ የሚከፈለው ለተጠጣው ቡና ብቻ ነው።

መርሐ ግብሩ የተሰናዳው በቡናው ሥርዓት ነው። አቦል ሲቀዳ አስቀድመው የተመዘገቡ አንባብያን ይቀርባሉ፤ ቶናው ላይ መድረኩ ለፈለገ ሁሉ ይከፈታል፤ በረካው ለማሲንቆ የተተወ ነው። በዚህ ቤት ከሁሉ የወደድኩት ይህንን አከፋፈል ነው፤ ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ሰው እየደፈረ ይሄዳልና። በአቦሉ ሰዓት ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ያነበበ አንድ ወጣት፣ በቶናው እንደገና ተነሥቶ ስለ ቤት ኪራይና ብቻውን ቆሞ ስለሚበላው እራት ሲያነብ ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ በትሕትና ተጨብጭቦለት ነበር፤ በሁለተኛው ግን ሲኒ የያዘ ሁሉ ሲኒውን አስቀመጠ።

ከሰማኋቸው ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ የአንድ ልብስ ሰፊ ግጥም ነው። ቀብድ ተከፍሎበት ተሰፍቶ ያለቀ፣ ባለቤቱ ግን ሳይወስደው የቀረ ኮት አለ። ሰፊው በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት አቧራውን ያራግፍለታል፤ ሌላ ደንበኛ ልግዛው ሲለው «ባለቤት አለው» ብሎ ይመልሳል፤ ትከሻው በፀሐይ መንጣቱን ያየ ዕለት ደግሞ ከደጅ አንሥቶ ከስፌት መኪናው በላይ ይሰቅለዋል። በግጥሙ ውስጥ «ናፍቆት» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። አንባቢው መጨረሻው አካባቢ ድምፁ ሲቆረጥ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «አብሽር፣ አብሽር ልጄ» አሉት፤ እሱም ወረቀቱን አስተካክሎ ጨረሰ። የፍቅርና የብቸኝነት ግጥም ልብን ሺህ ጊዜ ከመጥራት ይልቅ አንድ ያልተወሰደ ኮት ቢያሳየን ምን ያህል እንደሚበረታ ከዚያ ምሽት በኋላ ለማንም ማስረዳት አያቅተኝም።

አዘጋጆቹን አጥብቄ የምለምናቸው አንድ ነገር አለ። አንባቢው ሲያነብ ከበስተኋላ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ይህ ቢቀር ይሻላል። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ የተጻፈ ስንኝ እያንዳንዱ መስመር 12 ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የቃል ክፍል) ያለው፣ ከ6ኛው ቀለም በኋላም ትንፋሽ የሚሰበሰብበት በመሆኑ፣ ያቺ ትንሽ ዝምታ የግጥሙ አካል ናት። እኔ ያነበብኩት ወደ ሳዑዲ ስለሄደው ወንድሜ የጻፍኩትን ሲሆን አጀማመሩ እንዲህ ነው፦

ዓይኔስ መሄድህን አውቆታል፣ ያነባል፤
ያልተነገረው እጅ ሁለት ሲኒ ያጥባል።

«ያልተነገረው እጅ» ካልኩ በኋላ ጥቂት ማረፍ ነበረብኝ፤ ሰሚው እጁ ያልተነገረው ምን እንደሆነ የሚጠይቀው በዚያች ቅጽበት ነውና። ኪቦርዱ ግን ክፍተቷን ሞላት፤ ሲኒዎቹም ሳይጠበቁ አለፉ። ማሲንቆ ተጫዋቹ በአንጻሩ ይህንን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንባቢ ሲነሣ ቀስቱን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ ሰዓቱ ሲደርስም ከትዝታ ቅኝት ጀምሮ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ይሻገራል። ከ4ቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች የ2ቱ ስም የወሎ ቦታዎች ስም በሆነበት አገር፣ አምባሰልን ከአምባሰል ከመጡ ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ መስማት ለእኔ ትልቅ ጸጋ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ አይቻለሁ።

ሰዓት አለማክበሩም ቅር የሚያሰኝ ነው። 11 ሰዓት የተባለው ምሽት ከ12 ሰዓት በኋላ ሲጀመር፣ ከኮምቦልቻ የሚመጡት ታዳሚዎች መኪና እንዳያጡ በረካው ሳይደርስ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ የሚያመልጣቸውም ከምሽቱ ሁሉ የተሻለው ክፍል ነው። መስተንግዶው ግን እንከን የለውም፤ ቄጠማው ትኩስ ነው፣ ቡናው በደንብ ይቆላል፣ ቆሎው አያልቅም፣ ብቻውን የመጣም ሰው ከሌሎች ጋር ይቀመጣል እንጂ ጥግ አይሰጠውም። ጋቢ ይዞ መሄድ ይበጃል፤ በሩ አጠገብ ከተቀመጡ ንፋሱ ይጎዳል።

መድረኩ ላይ የተነበቡት ግጥሞች ቡና አፍይዋ ረከቦቱ ሥር በምታኖረው ደብተር ላይ በየአንባቢው እጅ ይገለበጣሉ። የኮቱም ግጥም እዚያው አለ። ደብተሩ አንድ ብቻ ነው፤ ቡና ፈስሶበት ጥቂት ገጾች ተጣብቀዋል፤ ባለፈው ቅዳሜ ሳገላብጠው የኮቱ ግጥም የመጨረሻ 2 መስመሮች ለመነበብ አስቸግረውኛል። ቤቱ ከፈቀደልኝ በኮምፒውተር ጽፌ፣ አንዱን ቅጂ ለእነሱ፣ አንዱን ለልብስ ሰፊው ለማድረስ ዝግጁ ነኝ።