ዋይፋይ አዳፕተር ሲነቀል ሊኑክስ ድርቅ የሚል ከሆነ፦ ድራይቨሩን ማስወጣት ወይስ አዳፕተሩን መቀየር?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የላፕቶፑ ዋይፋይ ሲግናል አልይዝ ሲል ዩኤስቢ አዳፕተር ይሰካል። ጣጣው ሲነቀል ነው፤ ማውስም ኪቦርድም ድርቅ! ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ውጭ የተጫነ ድራይቨር፣ ማለትም አዳፕተሩን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው። ዕቃው ከወጣ በኋላም ሊያናግረው ይሞክራል።

ወጪ፦ ድራይቨሩን ማስወጣት (ከመንቀል በፊት ሥራውን ማስቆም) በነፃ። መቀየር መርካቶ ድረስ፣ ከነታክሲው።

ቅለት፦ ለማስወጣት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ኤልኤስዩኤስቢ -ቲ» (lsusb -t) ብላችሁ የድራይቨሩን ስም ታያላችሁ። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ «ሱዶ ሞድፕሮብ -አር» (sudo modprobe -r) ከነስሙ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ትነቅላላችሁ። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ማን ያስታውሳል?

አደጋ፦ ከረሳችሁ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ኡቡንቱ ላይ ከደረቀ ፓወሩን ከመጫን በፊት አልትና ሲስአርኪው (ብዙ ጊዜ የፕሪንት ስክሪን ቁልፍ) ይዛችሁ ኤስ፣ ዩ፣ ቢን በየተራ ሞክሩ፤ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ዳግም ያስነሳል። መቀየርም ወጥመድ አለው፤ ካርቶኑን አትመኑ። የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን 1ኛ ቨርዥን አቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ነበረው፣ 2ኛው ሪልቴክ ሆነ። ስሙ ያው፣ ሆዱ ሌላ። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ የቨርዥን ጽሑፍ አንብቡ።

አዳፕተሩ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ማስወጣቱ ይበቃል። በየቀኑ ለምትነቅሉት ግን ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ ቺፕ ይሻላል፤ ለምሳሌ የሚዲያቴክ ኤምቲ7612ዩ፣ ከከርነል 4.19 ጀምሮ አለ።