ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ፦ የነገው ሥራ የት ነው?

ደሴን ያቆማት ቤተ መንግሥትና ገበያ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል መዲናቸው አድርገዋት የአይጠየፍን አዳራሽ አሠሩባት፤ በኋላም ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታሉና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተጨመሩ። የጦሳ ተራራ ግን ከጀርባዋ ተገትሮ የፋብሪካ ሜዳ ነፍጓታል።

ኮምቦልቻ ወደ ቆላው ዝቅ ብላ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በደርግ ዘመን ተተከለ፤ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና አየር ማረፊያው አሉ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በወረቀት ላይ አሸናፊዋ እሷ ናት። ችግሩ፣ ዕጣዋ የሚወሰነው ከእሷ ውጪ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ፋብሪካዎቿን አዘረፈ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ኢትዮጵያን ስታስወጣ፣ ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመርም በጦርነቱ ተጎዳ። የደሴ ሐኪምና መምህር ግን ዋሽንግተን ምን ወሰነች ብለው አይጨነቁም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሥራ ፈላጊው ዛሬ ደሴን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ቴክኖሎጂ የሚማር ግን ኮምቦልቻ ይውረድ፤ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው እዚያ ነው። ሁለቱንም የፈለገ ደግሞ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጠዋት ማታ ይቻለው።