ቻትጂፒቲ በዕጩ መምህራን ምዘና ውስጥ፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ሲጠይቁት ጽሑፍ የሚያወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) መተግበሪያ ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ «የትምህርት ዕቅድ ጽፋችሁ አምጡ» የሚለው የቤት ሥራ ዋጋ አጥቷል። ዓላማው፣ መግቢያው፣ መልመጃው በደቂቃ ተሰካክቶ ይመጣል። ለዕጩ መምህራን የምሰጠውን ምዘና የቀየርኩት ለዚህ ነው። አሁን ዕቅዱን እሱ ያወጣላቸዋል፤ ነጥብ የሚያገኙት ግን በማረማቸው ነው።

ክፍልፋይ ላይ ነገሩ በደንብ ይታያል። ልጆች ብዙ ጊዜ 1/2 + 1/3 = 2/5 ይላሉ። ዕቅዱ የጋራ ታህት አፈላለግን ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። ልጁ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ለምን እንደደመረ ግን ዘሎት ሊያልፍ ይችላል። ጎበዝ ዕጩ እዚህ ላይ ይይዘዋል። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ ያስረዳኛል። ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ጊዜ ይበላል፤ ተማሪ ከበዛ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ቻትጂፒቲ ለረቂቅ ግሩም ነው። አንዷን ኮከብ የነፈግኩት ለምንጮቹ ነው፤ የሌለ መጽሐፍ ሊጠቅስ ይችላል፣ ያውም በሙሉ ልብ!

በኤአይ የተጻፈውን እንለያለን የሚሉትን መተግበሪያዎችማ ተዉአቸው። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ እንኳ ራሱ የሠራውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በ2023 አንስቶታል።